«ስትወልጂ ይተውሻል» አትበሏት

የታናሽ እህቴ የወር አበባ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ትራስ ነክሳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። እናታችን ዝንጅብል ታፈላላታለች፤ በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ታደርግላታለች። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ያይዋትና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ብለው ወደ ረከቦቱ ይመለሳሉ። እኔም ብያታለሁ። በስድስት ዓመት የምበልጣት ታላቅ እህቷ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት፣ ፀጉሯን እየዳበስኩ ይህንኑ ቃል ደግሜላታለሁ።

ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ሕመሟ ስም ያገኘው በ27 ዓመቷ ነው፤ ያውም ስላመማት ሳይሆን ስላልወለደች። አግብታ ሦስት ዓመት ሲሞላት የሁለቱም ቤተሰብ ጥያቄ በረታና ሐኪም ዘንድ ሄደች። የሐኪሙ መልስ ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራስ ያስነከሳት ሕመም ከሐኪም ፊት አላደረሳትም፤ ያልመጣው ልጅ ግን አደረሳት። እኔን ያንገበገበኝ፣ ይህን እንድጽፍም ያስገደደኝ ይህ ነው።

ቃሉን የሚናገሩት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ቃሉም ከባዶ ሜዳ አልበቀለም። ሙግታቸውን አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም። አብዛኛው የወር አበባ ቁርጠት እውነትም በሽታ አይደለም። ማህፀን ሽፋኑን አውልቆ ለማስወጣት ሲኮማተር የሚፈጠር ሕመም ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር፣ በተለይም ከመጀመሪያ ወሊድ በኋላ፣ ለብዙ ሴቶች ይቀልላል። እናቶቻችን ይህን በገዛ አካላቸው አይተዋል። በእርግዝና ወራት ደግሞ የወር አበባ ስለሚቆም ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች መካከል እንኳን እፎይ የሚሉ አሉ። ሌላም ይላሉ፦ እናቶች በወሊድ ደም በሚሞቱበት አገር፣ አንድ ሐኪም ለስንት ሺህ ሰው በሚደርስበት አገር፣ ለቁርጠት ሆድ ውስጥ ካሜራ ይግባልን ማለት ቅንጦት ነው። ደግሞስ አንዲትን ልጅ «መውለድ ሊያስቸግርሽ ይችላል» ብሎ ከማስደንገጥ «ይተውሻል» ብሎ ማጽናናት አይሻልም ወይ? ይህ ሁሉ ለሰሚው ያሳምናል። እኔንም አሳምኖኝ ነበር።

ግን ለመሆኑ «ስትወልጂ ይተውሻል» የምትለን ማን ናት? የወለደች ሴት ናት፤ ወልዳም የተዋት። ወልዳ ያልተዋትስ? እሷ ስታማርር «ልጅሽን አቅፈሽ ምን ጎደለሽ» ትባላለችና ዝም ትላለች። ጭራሹን ያልወለደችውስ? እሷማ በዚያ ቡና ላይ ስለ መውለድ አፏን አትከፍትም፤ ወሬው ሲነሳ ዓይኗን ስኒው ላይ ትተክላለች። ስለዚህ በየቤቱ ስንሰማው የኖርነው ምስክርነት ሁሉ ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ ነው። በሽታው እንዳይወልዱ ያደረጋቸው ሴቶች ለምስክርነት አልተጠሩም። እንዲህ ባለ ሸንጎ የተፈረደ ፍርድ እንዴት ለአንዲት የ15 ዓመት ልጅ መልስ ይሆናል?

ሥረ ነገሩ አንድ ስም ለሁለት ነገር መስጠታችን ነው። ሁለቱንም «ቁርጠት» እንላቸዋለን። በኢንዶሜትሪዮሲስ ግን የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ ኦቫሪ ላይ፣ የማህፀን ቱቦ ላይ፣ በፊኛና በአንጀት ገጽ ላይ፣ የዳሌን ውስጥ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ። ይህ ሥጋ የወር አበባን የሚመራውን ሆርሞን ይታዘዛል፤ ያብጣል፣ ይደማል። ከማህፀን የሚፈሰው ደም መውጫ በር አለው፤ ይኼኛው የለውም። በዚያው የቀረው ደም ብግነት ይፈጥራል፣ ብግነቱ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው አንዱን አካል ከሌላው ጋር ያጣብቃል። ኦቫሪ ውስጥ ሲጠራቀም ጠቁሮና ወፍሮ ከረጢት ይሠራል፤ ሐኪሞች ቸኮሌት ሲስት የሚሉት ይህንን ነው። ታዲያ በየወሩ ከሚመጣ የማህፀን መኮማተር ጋር ይህ ምን አገናኘው?

ልዩነቱን ለመጠርጠር ደግሞ ካሜራ ከመግባቱ በፊት ጆሮ ይበቃል። ተራው ቁርጠት ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ያልፋል፤ በአይቡፕሮፌን ይታገሳል። ይኼኛው ክኒኑን ንቆ ይቀጥላል፤ ደሙ ከመምጣቱ ቀናት በፊት ይጀምራል፣ ከሄደ በኋላም ይቆያል፤ ልጅቷን በየወሩ ከትምህርት ቤት ያስቀራታል፤ ሰገራ ስትወጣ፣ ሽንት ስትሸና በተለይ በወር አበባዋ ሰሞን ያማታል፤ ካገባች ደግሞ በግንኙነት ጊዜ ከሥር ይወጋታል። ይህን የመጨረሻውን ስንት ሙሽራ ለእናቷ ነግራለች? ለባሏስ? «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል።

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እህቴ ግን አልደበቀችም። በየወሩ፣ ቤቱ እስኪሰማ ድረስ ተናግራለች። የደበቅነው እኛ ነን፤ በአንድ የማጽናኛ ቃል ሸፍነን።

አሁን «ስትወልጂ» ወደሚለው ልግባ፤ የቃሉ መርዝ ያለው እዚያ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለባቸው ሴቶች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለማርገዝ ይቸገራሉ ተብሎ ይገመታል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የማህፀን ቱቦ ጫፉ እንደ ጣቶች ተዘርግቶ ከኦቫሪ የምትወጣውን እንቁላል ይቀልባል፤ ጠባሳ ቱቦውን ከጎኑ ካጣበቀው ጣቶቹ አይደርሱም። ቱቦው ክፍት ቢሆንም እንኳን በብግነት የተበከለው የዳሌ ፈሳሽ ለእንቁላሏም ለወንዱ ዘርም አይመችም። ቸኮሌት ሲስቱ ኦቫሪ ውስጥ ያለውን የእንቁላል ክምችት ይጎዳል። እንግዲህ አስቡት፦ በሽታው እርግዝናን ያስቸግራል፣ እኛ ደግሞ ለበሽታው እርግዝናን እናዝዛለን። ውሃ ለጠፋበት ሰው «ጥምህ ሲረካ ውሃ ታገኛለህ» ከማለት በምን ይለያል?

የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ላይ ይህን ጉዳይ በቀጥታ አንስቶታል፤ ኢንዶሜትሪዮሲስን ለማከም ብቻ ተብሎ ሴትን «አርግዢ» ብሎ መምከር እንደማይገባ፣ እርግዝና ሁልጊዜ ሕመሙን እንደማያሻሽል፣ የበሽታውንም መባባስ ሁልጊዜ እንደማይገታ ጽፏል። ማኅበሩ ይህን ለመጻፍ የተገደደው ምክሩ ከሐኪሞች አፍም ይወጣ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የቦስተኑ የማህፀን ሐኪም ጆ ሜግስ ለበሽታው መብዛት ተጠያቂ ያደረገው ጋብቻንና መውለድን ማዘግየትን ነበር፤ ምክሩም ቶሎ አግብቶ ቶሎ መውለድ ሆነ። ስለዚህ ቃሉ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ ነጭ ጋዋን ለብሶም ዞሯል። በእኛ ዘንድ ግን የሚያስከትለው ነገር አለ። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «እንግዲያው ቶሎ ትዳር» የሚለውን ይዞ ይመጣል። ትምህርት ያላለቀላት ልጅ ለሆዷ ቁርጠት ባል ይታዘዝላታል። ትዳሩ ውስጥ ገብታ ልጁ ሲዘገይ ደግሞ ያው ያጽናናት ቤተሰብ ጠያቂዋ ይሆናል።

ከዚሁ ከሜግስ ዘመን ወግ ሌላ ስህተት ተወልዷል፤ «የሀብታምና የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው። ለምን እንዲህ ተባለ? ሀብታሞቹና ነጮቹ ስለተመረመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶናልድ ቻትማን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ሐኪም የጥቁር ሴት ታካሚዎቹን ሆድ በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ሲያይ ከአምስት ከአንዷ በላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ አገኘባቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀደም ሲል «የማህፀን ኢንፌክሽን ነው» የተባሉ ነበሩ። ኢንፌክሽን ማለት ደግሞ በዚያ ዘመን አነጋገር ስለ ሴቲቱ ጠባይም ክፉ የሚናገር ስም ነበር። የእኛዋ ልጅ ምን ትባላለች? ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ብርድ መትቷት ነው። እህቴ አምስቱንም ተብላለች፤ ለአምስቱም መድኃኒት ወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶው፣ ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። ያ ሁሉ ሰው ቦስተን አይኖርም።

«አገሪቱ ስንት ጣጣ እያለባት» ለሚለው መልሴ ረዘም ይላል፤ ከሁሉም ይልቅ የሚከበር ሙግት ነውና። እውነት ነው፣ ላፓሮስኮፒ ውድ ነው፤ የሚሠራበትም ቦታ ጥቂት ነው። ግን ሕክምናው ከቀዶ ሕክምና ይጀምራል ያለው ማን ነው? ያው የ2022 መመሪያ ላፓሮስኮፒ የግድ መጀመሪያ መሆኑን አስቀርቷል። የሕመሙን ታሪክ በደንብ ሰምቶ፣ መርምሮ፣ አልትራሳውንድ አይቶ፣ በመድኃኒት መጀመር ይቻላል። የመጀመሪያው መድኃኒት ማስታገሻ ነው፤ ያውም ሕመሙ ከበረታ በኋላ ሳይሆን ሊመጣ ሲል የሚወሰድ። ሁለተኛው የወሊድ መከላከያ እንክብል ነው፤ ወይም ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ዓይነት፣ ወይም ሆርሞን ያለው ሉፕ። ሽፋኑ በየወሩ እንዳያብጥና እንዳይደማ ያደርጋሉ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ መከላከያ በነፃ ይሰጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይዘውት ቤት ለቤት ሲዞሩ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱ በየቀበሌው ካለ ልጅቷ ለምን አታገኘውም?

ያላገባች ስለሆነች ነው። እናት የ16 ዓመት ልጇ ቦርሳ ውስጥ ያንን እንክብል ብታገኝ የምታስበው ስለ ሕመም አይደለም። ልጅቷም ጤና ጣቢያው በር ላይ ጎረቤት ቢያያት ምን እንደሚባል ታውቃለች። ከዚያ በላይ ደግሞ «መከላከያ ያመክናል» የሚለው አጥር አለ። ስለዚህ በግልጽ ይነገር፦ የወሊድ መከላከያ እንክብል አያመክንም። ሲያቆሙት እንቁላል መውጣቷን ትቀጥላለች። የመከላከያ መርፌው ከቆመ በኋላ ለጥቂት ወራት ሊያዘገይ ይችላል እንጂ እሱም አያመክንም። ይህን ስል እንክብሉ ኢንዶሜትሪዮሲስን ነቅሎ ያጠፋል ማለቴ አይደለም፤ እስካሁን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ማህፀን ማውጣት እንኳን ዋስትና አይሰጥም። ልጅ የምትፈልግ ሴት ደግሞ እንክብሉን ትተወዋለች፤ ለማርገዝ አይረዳትምና በእሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት የለባትም። ለ15 ዓመቷ ልጅ ግን በየወሩ ትምህርት ቤቷን ይመልስላታል። የማይገድል ሕመም ነው ብለን ከወሊድ ደም ጋር የምናወዳድረው ሰዎች፣ ይህችን እንክብል ለመከልከል ያወጣነው ምክንያት ድህነት ነው ልንል እንችላለን?

እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ውጭ አገር ይሄድ ነበር፣ አቅም የሌለው ይተወው ነበር፤ ስለዚህ ደስ ብሎኛል፣ አሁንም ደስ ይለኛል። ግን ያንን በር ከሚያንኳኩት ሴቶች መካከል ስንቶቹ ከአሥር ዓመት በፊት ትራስ ነክሰው ነበር? ልጅ አልባነት የመንግሥት ማዕከል እስኪከፈትለት ድረስ ታይቷል፤ ከእሱ በፊት የመጣው ሕመም ግን ዛሬም መጋረጃ ጀርባ ነው። ገንዘብ እናስላ ካሉም ስሌቱ ከእኔ ጋር ነው፤ በ15 ዓመቷ የምትሰጥ እንክብል በ30 ዓመቷ ከሚደረግ ከሰውነት ውጭ ፅንሰት (አይቪኤፍ) ጋር በዋጋ አትነጻጸርም።

የቀረው የማጽናናቱ ጉዳይ ነው፤ «አታስፈራሯት» የሚለው። እኔም ማስፈራራትን እጠላለሁ። «ኢንዶሜትሪዮሲስ ካለብሽ አትወልጂም» የሚለው ቃል «ስትወልጂ ይተውሻል» ከሚለው አይሻልም፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ከላይ ያስቀመጥኩትን ግምት ገልብጣችሁ አንብቡት፦ ከበሽታው ጋር ከሚኖሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ለማርገዝ አይቸገሩም። በካናዳ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት መውለድ የተቸገሩና ቀላል ኢንዶሜትሪዮሲስ የተገኘባቸውን 341 ሴቶች ተከታትሏል። ለግማሾቹ በላፓሮስኮፒ የታየው ቁስል ተወገደላቸው፤ ለግማሾቹ ታይቶ ተተወ። በ36 ሳምንታት ውስጥ አርግዘው ፅንሱ ከ20 ሳምንት ያለፈላቸው ከታከሙት 30.7 በመቶ፣ ካልታከሙት 17.7 በመቶ ነበሩ። ሕክምናው ረድቷል፤ ያልታከሙትም ሁሉ መካን አልሆኑም። አንዲት ልጅ ይህን ብትሰማ የምትደነግጥ ይመስላችኋል? እህቴ በ27 ዓመቷ ስትሰማው አለቀሰች። በድንጋጤ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ እውነት ያመኝ ነበር ማለት ነው» አለችኝ።

እውቀት ጊዜ ይሰጣል፤ ዋናው ጥቅሙም ይህ ነው። በሽታውን ያወቀች ሴት መቼ መውለድ እንደምትሞክር፣ ስንት ወር ጠብቃ ሐኪም ዘንድ እንደምትሄድ ታስባለች። ሲስት ታየብሽ ስትባል «ይውጣ» ብላ ከመሮጧ በፊት ትጠይቃለች፤ ሲስቱን ለማውጣት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ራሱ የእንቁላል ክምችቷን ሊቀንስ ይችላልና። የሕመሙ ብርታትና የበሽታው ደረጃ እንደማይመጣጠኑ ታውቃለች፤ ዳሌዋ በጠባሳ የተያያዘ አንዷ ብዙም ላያማት ይችላል፣ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ያለባት ሌላዋ መነሳት ያቅታታል። ባሏም እንዲመረመር ታደርጋለች። ይህን በተለይ ለአማቶች መናገር እፈልጋለሁ፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ ችግሩ ከወንዱም አለበት፣ ወይም ከእሱ ብቻ ነው፤ የእሱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ምራትዎን ጠበል ለጠበል ከማዞርዎ በፊት ልጅዎን አንድ ጠዋት ላቦራቶሪ ይላኩት፣ እናቴ።

እንግሊዝ አገር የፓርላማ አባላት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በሽታው ስም እስኪያገኝ በአማካይ 8 ዓመት እንደሚፈጅ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶችም 10 ጊዜና ከዚያ በላይ ሐኪማቸው ዘንድ እንደተመላለሱ አሳይቷል። ሐኪም ባልጠፋበት አገር እንኳን የጠፋው አመኔታ ነው። እኛ ዘንድ ሐኪሙም አመኔታውም ጎድሏል፤ ሐኪሙን ለማብዛት ዓመታት ይፈጃል፣ ልጅቷን ለማመን ግን ዛሬ ማታ ይቻላል። የምጠይቀው ይህንን ነው፤ የሴት ልጅ ሕመም ክብደቱ የሚለካው ወደፊት በምትወልደው ወይም በማትወልደው ልጅ መሆኑ ይቅር። በ15 ዓመቷ ያመማት፣ በ15 ዓመቷ ያመማት ስለሆነ ብቻ ይታከም። መጋረጃውን ገልጣችሁ ስታይዋት ይህን ቃል ተዉትና ጠይቋት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንት ቀን ይቆያል? ክኒኑ ያስታግስሻል? በዚህ ወር ስንት ቀን ከትምህርት ቀረሽ? መልሱን ጻፉላትና ጤና ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።

እህቴ ዛሬ 31 ዓመቷ ነው። ወልዳ ይሁን አይሁን እዚህ አልጽፍም፤ ስለ እሷ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ስለ ሕመሟ ለሚጠይቀኝ ግን እነግረዋለሁ። አምና በዚህ ወቅት በየወሩ አራት ቀን ከሥራ ትቀር ነበር፤ በዚህ ወር የቀረችው አንድ ቀን ነው።